የዓባይን ዳገት በቱርቦ ወይስ ያለ ቱርቦ? መኪና ለምትመርጡ የጎጃም ሰዎች

ደጀን ከተማ ዳር ቆማችሁ ከዓባይ በረሃ የሚወጡትን መኪናዎች አይታችሁ ከሆነ፣ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ታውቁታላችሁ። ማዳበሪያ የጫነ አሮጌ አይሱዙ ጥቁር ጭስ እያትጎለጎለ፣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይመጣል። ከኋላው ደግሞ ያንኑ ያህል የጫነ ሌላ አይሱዙ፣ ጭሱ ሳሳ ብሎ፣ ሞተሩ በቀጭኑ እያፏጨ ቀድሞት ያልፋል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሾፌሩ ጉብዝና አይደለም። ሁለተኛው ቱርቦ፣ ማለትም ለሞተሩ አየር ጨምቆ የሚገፋ መሣሪያ አለው።

መኪና ሊገዙ የተነሱ ዘመዶችና ጓደኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። "ባለቱርቦ ይሻለኛል ወይስ የሌለው?" አንዱ ቱርቦ ለፍጥነት ነው፣ እኔ ሩጫ አልወድም ይላል። ሌላው ቱርቦ ኪስ ያራቁታል ብሎ ይሸሻል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ግን መልሱ ጅቡቲ ወደብ ላይና ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ አይደለም። እኛ የምንነዳው ከፍታ ላይ ነው። ለእኛ ቱርቦ ከፍጥነት በፊት የአየር ጉዳይ ነው።

ከፍታው ምን ይወስድብናል?

ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም። አንድ ኪሎ ናፍጣ በደንብ እንዲቃጠል ከ14 ኪሎ በላይ አየር ይፈልጋል። ቤንዚንም እንደዚያው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚያገኘው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ስቦ ነው። ውጭ ያለው አየር ከሳሳ፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባውም ይሳሳል። ምንም ሊያደርግ አይችልም።

የባሕር ወለልን የአየር ግፊት 100 እንበለው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 80 ያህል ይደርሳታል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች 75 አካባቢ ነው። ዓባይ ድልድይ ላይ ግን 88 ገደማ ነው። እንግዲህ ከድልድዩ ተነስታችሁ ደጀን እስክትደርሱ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ሞተሩ ጉልበት በጣም በሚፈልግበት ሰዓት አየሩ በየመታጠፊያው ይቀንስበታል ማለት ነው። ከታች ደግሞ የበረሃው ሙቀት አለ።

በግምት ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሁላችን የምናውቀውን ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር እንውሰድ። 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ሞተሩ ቱርቦ የለውም። ፋብሪካው የሚሰጠው ጉልበት 130 ፈረስ ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሲደርስ ወደ 100 ይጠጋል። 30ውን ፈረስ ዳገቱ በልቶታል። ሞተሩ አልታመመም። አየር ነው የጎደለው።

ጥቁሩ ጭስም ከዚሁ ይመጣል። አሮጌው የናፍጣ ፖምፓ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ሾፌሩ በረገጠው ልክ ናፍጣውን ይረጫል። የሚያቃጥለው አየር ያጣው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ያ ጭስ የከፈላችሁበት ነዳጅ ነው።

ቱርቦ ምን ይሠራል?

ብረት ቀጥቃጭ ወናፉን ሲነፋ ከሰሉ እንዴት እንደሚግል አይታችኋል። ከሰሉ ያው ከሰል ነው። የተጨመረው አየር ብቻ ነው። ቱርቦ የሞተር ወናፍ ነው። ወናፉን የሚነፋው ደግሞ ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ነው።

አሠራሩን ለማየት ወንዝ ዳር ያለውን የውሃ ወፍጮ አስቡ። ውሃው ከታች ያለውን መቅዘፊያ ይመታል፣ መቅዘፊያው ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ከላይ ያለውን የወፍጮ ድንጋይ ይዞ ይዞራል። ቱርቦም በአንድ አጭር ዘንግ ላይ የተሠኩ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች ናቸው። በአንዱ በኩል ከሞተሩ የወጣው ትኩስ ጭስ ማራገቢያውን ይመታል። በሌላው በኩል ያለው ማራገቢያ አብሮ ይዞርና ንጹሕ አየር ስቦ፣ ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። በከንቱ ይወጣ የነበረ ጭስ ሥራ ተሰጠው።

አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ባለቱርቦ መኪናዎች ኢንተርኩለር የሚባል ራዲያተር መሰል ነገር አላቸው። የተጨመቀው አየር በእሱ አልፎ ቀዝቀዝ ብሎ ይገባል። ግፊቱ እንዳይበዛም ትርፉን ጭስ በጎን የሚያሳልፍ ትንሽ በር አለ። በአዳዲሶቹ ናፍጣዎች ደግሞ በበሩ ፈንታ ጭሱን የሚመሩ ተንቀሳቃሽ ክንፎች ይኖራሉ።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኪ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ለእኛ ለደገኞች ግን ይበልጥ የሚነግረን የ1918ቱ ሙከራ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ አወጣ። ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ከጮቄ ጫፍ ብዙም አይበልጥም። ያ ሞተር ባሕር ወለል ላይ 350 ፈረስ ይሰጥ ነበር። ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሆነ። ቱርቦ ገና በጠዋቱ የተፈተነው ለሩጫ አልነበረም። ከፍታ የወሰደውን ለማስመለስ ነበር።

ማስመለሱ ግን በነፃ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ቱርቦው ከቆላው ይልቅ ደጋ ላይ በፍጥነት መዞር አለበት። የትንሽ መኪና ቱርቦ በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ያ ዘንግ የቆመው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ይህን አትርሱት፣ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ጭናችሁ ዓባይን የምታቋርጡ ከሆነ

እዚህ ላይ አላመነታም። ባለቱርቦ ናፍጣ ግዙ።

ከቢቸና ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው ዳገት አለበት። ሲመለስ የደጀኑ ይጠብቀዋል። በየጉዞው ሁለት ጊዜ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህን የሚወጣው ሙሉ በሙሉ ተረግጦ፣ በትንሽ ማርሽ፣ ለረጅም ሰዓት ነው። ነዳጁ ይባክናል፣ የራዲያተሩ ውሃ ይፈላል። ባለቱርቦው በአንድ ማርሽ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ሞተሩ አይጮህም።

ኤንፒአር የሚባለውን የአይሱዙ ጭነት መኪና የምትፈልጉ ከሆነ ሞተሩን ጠይቁ። 4ኤችኤፍ1 የሚባለው 4.3 ሊትር ሞተር ቱርቦ የለውም። 4ኤችጂ1 ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለቱርቦው መጨረሻው ላይ "ቲ" ፊደል ይጨመርበታል። ውጪያቸው መንትያ ነው። ደላላው "ያው ነው" ቢላችሁ ኮፋኖውን አስከፍታችሁ እዩ። ሲኖትራኮቹ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሳም፣ ሁሉም ባለቱርቦ ናቸው።

ፒክአፕ ላይም እንደዚያው ነው። ሃይሉክስ 5ኤል 3 ሊትር ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ 100 ፈረስ እንኳ በጭንቅ ነው። 1ኬዲ የሚባለውም 3 ሊትር ነው፣ ቱርቦና ኢንተርኩለር አለው፣ 160 ፈረስ ያልፋል። ሊትሩ እኩል ሆኖ ይህን ያህል ይራራቃሉ። ደጋ ላይ ልዩነቱ ይብስ ይሰፋል።

ከአስፋልት ወርዳችሁ ገጠር የምትሠሩ ከሆነ

እዚህ ግን ቀስ እንበል። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አለ። ነዳጁ አንዳንዴ ከጀሪካን ነው። ጋራዡ ሩቅ ነው። እንዲህ ላለ ሥራ 1ኤችዜድ ሃርድቶፕ እስከ ዛሬ የሚወደደው በምክንያት ነው። ዳገት ላይ ያዘግማል፣ ግን ይደርሳል። ውሃ የነካው ናፍጣ ቢያጋጥመውም የአካባቢ መካኒክ ፈታትቶ ያስነሳዋል።

አንድ ነገር እንለይ። ሰው "ቱርቦው ጉድ ሠራኝ" ሲል ብዙ ጊዜ ጉድ የሠራው ቱርቦው አይደለም። አዳዲሶቹ ባለቱርቦ ናፍጣዎች ኮመን ሬል በሚባል ዘዴ በጣም ከፍተኛ ግፊት ነዳጅ ይረጫሉ። ኖዝሎቻቸው ቆሻሻና ውሃ አይችሉም። በጀሪካን ነዳጅ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ቱርቦው የሰው ስም ተሸክሞ ይቀራል።

ስለዚህ መሃል ያለ ምርጫም አለ። ባለቱርቦ ሆኖ ኮመን ሬል ያልሆነ አሮጌ ናፍጣ። የላንድክሩዘር 1ኤችዲቲ እንዲህ ነው። የፕራዶው 1ኬዜድም ይሻላል፣ ዋናው የማቀዝቀዣው ጤንነት ነው። 2ኤልቲ የሚባለውን የቶዮታ ሞተር ግን አልመክርም። ሲግል ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ መሰንጠቁ የታወቀ ነው፣ የእኛ መንገድ ደግሞ ያግላል።

ከዳገት መሃል ቆሞ መነሳትም አለ። ቱርቦ ከሞተሩ ጭስ ካላገኘ አይነሳም። ዳገቱ ላይ ቆማችሁ፣ ሞላ ያለ ጭነት ይዛችሁ ፍሪሲዮኑን ስትለቁ፣ ለአፍታ ቱርቦ እንደሌላችሁ ቁጠሩት። ትልቅ ሊትር ያለው ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያች ቦታ ላይ ይሻላል። ትንሽ ሊትር ባለቱርቦ ደግሞ ከሁሉ ይደክማል።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከሆነ ውሏችሁ

ቱርቦ አያስፈልጋችሁም። ከተማው ሜዳ ነው። ያሪስ፣ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየር፣ ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሁሉ ይበቃል። ከልጅ ትምህርት ቤት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ቤት ለሚል ሰው ባለቱርቦ ናፍጣ እንዲያውም ይጎዳል። አጭር መንገድ፣ ቀዝቃዛ ሞተር፣ ቀላል ርግጫ ሲደጋገም የቱርቦው ክንፎች ላይ ጥላሸት ይጠራቀማል። አንድ ቀን ክንፎቹ ይደርቃሉ። የሥራ መኪና ሥራ ይፈልጋል።

ትንንሾቹ ባለቱርቦ ቤንዚኖችስ? 1 ሊትር ከምናምን ሆነው ዳገት ላይ እንደ 2 ሊትር የሚወጡ አሉ። መንዳታቸው ደስ ይላል። ግን የቤንዚን ጭስ ከናፍጣው ይበልጥ ይግላል፣ እስከ 950 ዲግሪ ይደርሳል። ጥሩ ዘይትና ጥሩ ቤንዚን ግድ ነው። ትክክለኛውን ዘይት በየጊዜው የማታገኙ ከሆነ ተዉት።

ቱርቦ የሚሞተው እንዴት ነው?

የእህቴ ባል ባለቱርቦ ፒክአፕ ነበረው። ሾፌሩ ጎበዝ ልጅ ነው። በረሃውን በአንድ ትንፋሽ ይወጣና ደጀን ላይ ሻይ ለመጠጣት እንደቆመ ቁልፉን ያጠፋል። በዓመቱ ቱርቦው ሄደ።

ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ። ከዳገት የወጣ ቱርቦ እንደ ፍም ግሏል፣ ዘንጉም ገና እየዞረ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፖምፓ ይቆማል። ዘንጉ ውስጥ የቀረው ዘይት እዚያው ያርራል። ያረረው ዘይት ቀጭኗን የዘይት ቱቦ ቀስ በቀስ ይደፍናል።

ያናደደኝ የቀጠለው ነው። የወሰድንበት ጋራዥ አዲስ ቱርቦ ገጠመ፣ አሮጌዋን የዘይት ቱቦ ግን ሳያጸዳ መልሶ ገጠማት። አዲሱ ቱርቦ አንድ ወር አልሞላውም። ሁለት ቱርቦ፣ አንድ ቱቦ። ቱርቦ ስታስቀይሩ የዘይት ቱቦዋ እንድትቀየር ወይም ውስጧ እንዲጸዳ፣ ዘይቱና ፊልትሮውም አብረው እንዲቀየሩ ቆማችሁ አሠሩ። "አያስፈልግም" የሚል ካለ መኪናውን ወደ ሌላ ውሰዱ።

አንድ ዕድሜውን በዚህ መንገድ የጨረሰ የአይሱዙ ሾፌር ይህን ሲሰማ፣ "ልጄ፣ ፈረስ እንኳ ጋልቦ እንደደረሰ አይታሰርም፣ ይንሸራሸራል" አለኝ። ልክ ነው። ዳገት እንደጨረሳችሁ ሳትረግጡ ሚኒሞ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዉት። ሻዩ ይዘዝ፣ ሞተሩ ይሥራ። ጠዋትም እንዳስነሳችሁ አትርገጡት፣ ዘይቱ ቱርቦው ጋ ይድረስ።

የቀረው ዘይትና አየር ነው። በአቧራ የምትሠሩ ከሆነ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቀይሩ። የአየር ፊልትሮውን አትናቁ። ያን ያህል በሚዞር ማራገቢያ ላይ የምታርፍ አሸዋ እንደ ሞረድ ናት።

ቱርቦ የሌለውን ባለቱርቦ ላድርገው?

ይህን የሚጠይቁኝ የሃርድቶፕ ባለቤቶች ናቸው። መልሴ አይሆንም ነው። ቱርቦ ታስቦለት ያልተሠራ ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚጨምቅበት ልክ ራሱ ከፍ ያለ ነው፣ ፒስተኑና ማቀዝቀዣው ለዚያ ሙቀት አልተዘጋጁም። በልክ ተሠርቶ፣ ግፊቱ ዝቅ ተደርጎ የሚሄድ አለ። ግን ያን ልክ የሚያውቅ ባለሙያ ሩቅ ነው፣ ሞተሩ ሲፈነዳ ደግሞ ዋጋው ቅርብ ነው። ባለቱርቦ ከፈለጋችሁ ሲፈጠር ባለቱርቦ የሆነውን ግዙ።

ያገለገለ ባለቱርቦ ስትገዙ

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ የምትገዙት አገር ውስጥ የተነዳውን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ አይነካውም። ለባሕር ዳር ውስጥ ቢታሰብ አይከፋም፣ ግን ያ ሌላ ጽሑፍ ነው።

ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቀው ጠዋት ሂዱ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ የአየሩን ቱቦ ከቱርቦው አስፈቱና ጣታችሁን አስገብታችሁ ማራገቢያዋን ነቅነቅ አድርጉ። ወደ ጎን ትንሽ ብትንቀሳቀስ አያስጨንቅም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰች፣ ወይም ግድግዳውን ከነካች፣ ተዉት። ወደ ኢንተርኩለሩ የሚሄደው ቱቦ ውስጥ ስስ የዘይት ወዝ ሊኖር ይችላል። ዘይት ከተጠራቀመ ግን የቱርቦው ማኅተም፣ ዘይቱን የሚያግደው ክፍል፣ አልቋል።

ይህን የመጨረሻውን ቀላል አታድርጉት። ማኅተሙ የበሰበሰ ናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እየጠጣ ያለ ናፍጣ ሊሮጥ ይችላል። ቁልፉን ብታጠፉም አይጠፋም። እንዲህ ከገጠማችሁና መኪናው ባለእጅ ማርሽ ከሆነ፣ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ትልቁን ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ታንቆ ይቆማል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ደግሞ ለሙከራ ከተማ ውስጥ አትዙሩ። ሻጩን ይዛችሁ፣ ጥቂት ኩንታል ጭናችሁ ከደጀን ወደ ድልድዩ ውረዱ። ስትወርዱ በማርሽ ያዙት፣ ፍሬን አታቃጥሉ። ድልድዩ ጋ ዙሩና ውጡ። ግማሽ መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ረገጥ አድርጉ። ፉጨቱ ቀጭንና እኩል መሆን አለበት፣ እንደ አምቡላንስ ከጮኸ ወይም ከቆራረጠ ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም ቱርቦው ደክሟል። በመስታወት ጭሱን እዩ። የሙቀት መለኪያው ከመሃል ካለፈ አስተውሉ። ደጀን ስትደርሱ ቁልፉን አትንኩ። ኮፋኖውን ክፈቱና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የሚንጠባጠብ ዘይት ፈልጉ። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ አጥፉት። ስለ ዋጋ ማውራት የሚጀመረው ያኔ ነው።